በማሂራ ልክ

ጅማ ውስጥ ሰው ሁሉ እየወደዳት በማለዳ ግን ፊት ለፊት ሊገጥማት የማይፈልግ ሴት ማን ናት ቢባል፣ አዮ ዙቤይዳ ናት፤ አዮ በጅማ እናት ማለት ነው። ሰው መቼም እንዲህ ነው። ሴት ዘመድ ስትሞትበት ጫማውን በወጉ ሳያጠልቅ ሄርማታ ድረስ ሮጦ በሯን ያንኳኳል። ሳምንት ሳይሞላው እዚያው ጅማ መርካቶ መሐል ሲያያት ደግሞ ከሩቅ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም ይልና እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል። እጇን መጨበጥ ይከብደዋል። እሷም ታውቃለች፤ ሰው ሳይዘረጋላት እጇን አትዘረጋም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጅማን ሴቶች ጀናዛ ያጠበች እጅ ናት።

ሥራውን ፈልጋ አልያዘችውም። አማቷ በሐምሌ ዶፍ ሞተችና ከሰቃ የምትመጣው አጣቢ ወንዝ ሞልቶ ከለከላት። ጀናዛ ደግሞ ውሎ አያድርም። ያን ጊዜ ገና ወጣት የነበረችው ዙቤይዳ እጅጌዋን ሰብስባ ገባች፤ አንዲት ባልቴት ከመጋረጃ ማዶ ሆና እየነገረቻት ጨረሰች። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ "ዙቤይዳን ጥሩ" ሆኖ ቀረ። የራሷ አመል አላት፦ የምታጥብበትን ውሃ ሳታሞቅ አትጀምርም። ለብ ማለቱን እንደ ሕፃን ማጠቢያ በክርኗ ትለካዋለች። "ለሞተ ሰው ሙቅ ምን ያደርግለታል?" ቢሏት፣ "አንተ ሞተህ አይተኸዋል?" ትላለች።

ለዚህ ሥራ ከማንም ምንም አትቀበልም። እንጀራዋ ንግድ ነው። ግን ቅመም ብትሸጥ ማን ይገዛታል? ቅቤ ብትሸጥ ማን ይቀምስላታል? ስለዚህ ሰሌንና መጥረጊያ ትሸጣለች፣ ከሙሐመድሳኒ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ። ሙሐመድሳኒ አብሮ አደጓ ነው፤ እጇን ሳይፈራ የሚጨብጣት እሱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። "እኔን የምታጥበኝ አንቺ አይደለሽ፣ ምን አስፈራኝ" ይላታል።

አንድ ልጅ አላት፣ ሂንድ። አጋሮ አግብታ እዚያው ታስተምራለች። የሂንድ የመጀመሪያ ልጅ ሸምሰዲን በስምንት ወሩ ሳንባውን ታሞ ሲሞት ያጠበችው አያቱ ናት። ሂንድ በበሩ ስንጥቅ አየች። ልጇ በእናቷ መዳፍ ላይ ተገልብጦ፣ ውሃው በጀርባው ሲወርድ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእናቷ እጅ ጉርሻ ተቀብላ አታውቅም። አልተናገረችውም፤ ግን ማዕድ ላይ ዙቤይዳ ጠቅልላ እጇን ስታነሳ "ጠገብኩ" ትላለች። ሁለት ሦስቴ እንዲህ ሆነና ዙቤይዳ ልጇን ማጉረስ ተወች። አንጀቷን እየበላት ተወች። በኋላ ማሂራ ስትወለድ የአያቷ ነፍስ መለስ አለ፤ ማሂራ ነገሩን አታውቅማ፣ አፏን ከፍታ ትመጣለች።

የቱርክ የመሬት መንቀጥቀጥ ነገር የመጣው በ2015 ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። የሙሐመድሳኒ ሱቅ ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን አለ። የገበያው ሴቶች ከሰዓት ሲቀዘቅዝ በአማርኛ የተተረጎመውን የቱርክ ድራማ ሊያዩ እዚያ ይሰበሰባሉ፤ ከእቃ ገዢ ይልቅ ድራማ ተመልካች ይበዛል እያለ ሙሐመድሳኒ ያማርራል። ያን ቀን ድራማው የለም። በድራማው ያወቁት ፎቅ፣ በድራማው የተመኙት ሰገነት ተደርምሶ፣ አንዱ ወለል በአንዱ ላይ ተነባብሮ ታየ። ቱርክ ብቻ አይደለም፣ ሶሪያም ጭምር። በረዶ እየጣለ ሰው በእጁ ፍርስራሽ ይቆፍራል። ከመጥረጊያ ሻጮቹ አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። "ያ ሁሉ ያማረ ቤት" አለች። ሌላዋ፣ "ልጆቹ በዚህ ብርድ፣ ያ ረቢ፣ ልጆቹ" እያለች አለቀሰች። ለቅርብ ጎረቤት እንኳ የማታለቅስ ሴት ናት፣ ግን አለቀሰች።

ዙቤይዳ አላለቀሰችም። ሌሎቹ የሚያዩት በሕይወት የወጡትን ነው፤ የእሷ ዓይን ሄዶ የሚያርፈው መንገድ ዳር በተርታ የተጋደሙት ላይ ነው።

"እነዚያን ማን ያጥባቸዋል?" አለች።

"አንቺ ደግሞ" አለ ሙሐመድሳኒ። "መጀመሪያ የታፈነው ይውጣ እንጂ።"

"ሴቶቹንስ? ስንት አጣቢ ሴት አላቸው? አጣቢዎቹ ራሳቸው ከታች ቢሆኑስ?"

ሙሐመድሳኒ ሻይ አዘዘላት። ሳትጠጣው ቀዘቀዘ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሰውዬ ታየ። አንዲት ልጅ ታቅፏል፣ በምንጣፍ ተጠቅልላለች። ሮጠ፤ ወዴት እንደሚሮጥ ግን የሚያውቅ አይመስልም። ምንጣፉ አጥሯታል። እግሮቿ ወጥተዋል፣ አንዱ ካልሲ አለው፣ አንዱ የለውም። ይህን ምናልባት ሦስት ሴኮንድ ነው ያሳዩት። ዙቤይዳ ግን ቤቷ ገብታ፣ ሰግዳ፣ እራቷን ቀምሳ፣ ጋደም ብላ ያየችው ያንን እግር ነበር። እሷ ሰሌን ሻጭ ናት፤ ለስንት ክንድ ሰው ስንት ክንድ ሰሌን እንደሚበቃ ታውቃለች። ምነው ትንሽ ረዘም ያለ ምንጣፍ እንኳ ባገኘ አለች። ከዚያ ነው ያለቀሰችው፣ ብቻዋን፣ ድምጿን ሳታሰማ።

በማግስቱ ሁለት ነገር አደረገች። ዓረፋ ላይ ሂንድ ያመጣችላትን አዲስ ብርድ ልብስ አጥፋ፣ ለቱርክ ልብስና ብርድ ልብስ የሚሰበሰብበት መስጊድ ወስዳ ሰጠች፤ ለራሷ የሳሳ ጋቢ ቀረላት። ይህ ጥሩ ነው፣ ሁሉም እንዲሁ አደረገ። ሁለተኛው ነው ጣጣ ያመጣው። ሙሐመድሳኒ ዘንድ ገብታ፣ "ነጭ አቡጀዲ ስጠኝ፣ አንድ ሙሉ ጥቅል" አለችው።

"ለምንሽ?"

"ለቱርክ።"

ሙሐመድሳኒ ለአንሶላ መሰለው። ለሰደቃ ብሎ ከመደርደሪያው አውርዶ በራሱ ትከሻ ባጃጁ ድረስ ተሸከመላት።

ከፈን፣ የሟች መጠቅለያ ጨርቅ፣ በመቀስ አይቆረጥም እሷ ዘንድ፤ በእጅ ይቀደዳል። መርፌም አይነካውም። ለአንዲት ሴት አምስት ቁራጭ፦ ሽርጥ፣ ቀሚስ፣ ሻሽ፣ ሁለት መጠቅለያ። ጠዋት የጀመረች ከሰዓት ድረስ አሥራ አራት ሴት የሚያለብስ ቀደደች። የጨርቁ ድምፅ ጓሮ ድረስ ይሰማል። ለእያንዳንዷ ለየብቻ አጥፋ በዚያው ጨርቅ ጥብጣብ አሰረችው። በመጨረሻ ትንሽ ጨርቅ ተረፈ፤ ያኔ ያቺ ባለ አንድ ካልሲ ልጅ ትዝ አለቻት። ለሷ ልክ ያስፈልጋል። የትልቅ ሰው ልክ በእጇ ነው፣ ዓይኗን ጨፍና ትቀደዋለች። ያቺ ልጅ ግን ስንት ክንድ ትሆናለች?

ማሂራ እዚያው ነበረች። የመንፈቅ ዕረፍት ስለሆነ ከእናቷ ጋር ከአጋሮ መጥታለች፤ ሰባት ዓመት ሊሞላት ትንሽ ቀርቷታል። የጎረቤት ሠርግ ነበርና እጅና እግሯ ሂና ተቀብቶ፣ ያን ጠዋት ታጥባ ገና እየደረቀላት ነው።

"ነይ እስቲ፣ እዚህ ላይ ተኚ" አለቻት አያቷ።

ማሂራ ጨዋታ መሰላት። ጨርቁ ላይ በጀርባዋ ተዘረረች፣ እጇን ከጎኗ አደረገች፣ ዓይኗን ጨፈነች። "እንዲህ፣ አዮ?"

"እንዲህ። አትንቀሳቀሺ።"

ከራሷ በላይ አንድ ስንዝር፣ ከእግሯ በታች አንድ ስንዝር ጨመረች። እግሯ እንዳይወጣ። ለጤነኛ ሰው ከፈን አይለካም፤ ይህን ከጅማ ሰው የማያውቅ የለም፣ ከሁሉ አብልጣ ደግሞ የምታውቀው እሷ ናት። ግን እጅ ሥራ ሲለምድ ልብን አያማክርም። ዙቤይዳ በዚያች ሰዓት የምታየው የልጅ ልጇን አልነበረም፤ አላህ ያውቃል፣ የምታየው የቱርኳን ልጅ ነበር። ጫፉን ይዛ ስትቀደው ቀና አለች። ሂንድ ዳቦ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ለዚያች ልጅ ነው፣ የቱርኳ…"

"በልጄ ልክ?"

ዙቤይዳ እጇ ላይ ያለውን ጨርቅ አየች፤ ጨርቁ ላይ ዓይኗን ጨፍና የተኛችውን ማሂራን አየች። ያኔ ነው የገባት። ክው አለች።

"ሸምሰዲን አልበቃሽም?" አለች ሂንድ። አልጮኸችም። ቢጮኹ ይሻላል አንዳንዴ። ልጇን ከጨርቁ ላይ አንስታ፣ ጫማ እንኳ ሳታደርግላት፣ በጀርባዋ አዝላ ወጣች። በሩ ላይ ዞር ብላ፣ "ልጄ ሁለተኛ የዚህን ቤት ደፍ አትረግጥም" አለች። ዳቦው ደፉ ላይ ቀረ። ጨርቁ ላይ የማሂራ ተረከዝ ያረፈበት ቦታ፣ ያልደረቀው ሂና ብርቱካን መሳይ ምልክት ትቶ ነበር፣ የሽልንግ ታክል።

አዝነው ያደረጉት ነገር እንዲህ ልጅ ሲያስነጥቅ ማን ይችለዋል? እሷ ግን ቢያንስ ጨርቁ ለታለመለት ይድረስ ብላ በነጋታው ጥቅሉን በባጃጅ ጭና መስጊድ ወሰደችው። እርዳታውን የሚመዘግበው ፋሂም የሚባል ወጣት ነው፣ ጨዋ ልጅ። አንዱን ጥቅል ፈትቶ ሲያይ ምን እንደሆነ ገባውና ቶሎ መልሶ አሰረው።

"አዮ፣ አፉ ይበሉኝ" አለ። "ብርድ ልብስዎን ተቀብያለሁ፣ አላህ ይቀበልዎ። ይሄን ግን መላክ አልችልም። ሰው አሁንም በሕይወት እየወጣ ነው። ከጅማ ከፈን መጣላችሁ ቢባሉ ምን ይሰማቸዋል?"

"የሞቱትስ አይታሰቡም እንዴ ልጄ?"

"ይታሰባሉ። ዛሬ ከጁምዓ በኋላ ለነሱ የሩቅ ጀናዛ ሶላት እንሰግዳለን። ግን አዮ፣ የሞተ ሰው ብርድ አይበርደውም።"

ልጁ እውነቱን ነው። ግን ይህን የተናገረው ለማን እንደሆነ አላወቀም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሞተ ሰው እንዳይበርደው ውሃ ስታሞቅ ለኖረች ሴት ነው የተናገረው። ዙቤይዳ ጥቅሏን ይዛ ተመለሰች።

ወሬ ደግሞ ከባጃጅ ይፈጥናል። ዙቤይዳ ለጅማ ከፈን ከምራ አስቀምጣለች ተባለ። ሟርተኛ ተባለች። "የፈሩት ይደርሳል" አሉ ሴቶቹ፣ የድራማው ሰዓት እንኳ ከሷ ራቅ ብለው መቀመጥ ጀመሩ። ሙሐመድሳኒ ሳይቀር፣ "ወላሂ ዙቤይዳ፣ ለአንሶላ መስሎኝ ነው የሰጠሁሽ" ብሎ ለሰው ሁሉ እየማለ አስረዳ፤ ከዚያ ብቻዋን ሲያገኛት ደግሞ፣ "ባውቅም ባላውቅም እሰጥሽ ነበር" አላት። እሷም፣ "አውቃለሁ" አለችው።

ጥቅሉን የእንጨት ሣጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። ዓመቱ ሲሄድ ግን ሣጥኑ መጉደል ጀመረ። ሆስፒታል ውስጥ ዘመድ ሳታገኝ የሞተች የቀን ሠራተኛ። መናኸሪያ አካባቢ ትለምን የነበረች እብድ። ከደቡብ ለቡና ለቀማ መጥታ አጋሮ መንገድ ላይ መኪና የገጫት እስላም ልጅ። ሟርተኛ ብሎ አፉን የሞላው ሰው፣ ምን ይሁን፣ ድህነት ሲይዘው ጎንበስ ብሎ በሯን ያንኳኳል፤ እሷም ነገር ሳትቆጥር ከሣጥኑ ታወጣለታለች። ለቱርክ ሴቶች የተቀደደው አንድ በአንድ ለጅማ ሴቶች ሆነ። ያቺን ትንሿን ግን ማንም አልጠየቃትም። አልሐምዱሊላህ ትላለች፣ አትጠየቅ።

ዘጠኝ ወር ሙሉ ሂንድ አልደወለችም። ዒድ መጣ፣ ሄደ፤ ዓረፋ መጣ፣ ሄደ። ዙቤይዳ ለማሂራ የገዛችው ቀሚስ ሰሌኑ ላይ ተጣጥፎ ተቀመጠ፤ የምትለብስበት ዕድሜ እያለፈ። ማታ ማታ ለሁለት ሰው የሚበቃ ትሠራና ብቻዋን ትበላለች።

በኅዳር፣ የወባ ሰሞን፣ ስልኳ ጠራ።

"እማ" አለች ሂንድ። ድምጿ ሻክሯል። "ማሂራን ወባ ይዟታል። ሦስት ቀኗ ነው፣ አልለቅ አላት። ያ ጨርቅ አለ?"

"አለ።"

"አቃጥዪው። ማሎ፣ አፈር ስሆንልሽ፣ አሁኑኑ አቃጥዪው።"

ዙቤይዳ ሣጥኑን ከፈተች። ምድጃው ላይ እሳት ነበር። ትንሿን ጥቅል ይዛ እሳቱ ፊት ተንበረከከች፤ ጥብጣቡን ጫፍ አስጠጋች፣ ሙቀቱ ጣቷን ገረፋት። ልታደርገው ነበር። ለማሂራ ብላ ጨርቅ አይደለም ቤቷን ታቃጥል ነበር። ግን ያ እግር መጣባት፣ ባለ ካልሲው፣ ከምንጣፉ የወጣው። አንዴ ነፍጌያታለሁ፣ አልደረሰላትም፤ አሁን ደግሞ ላቃጥልባት? እንዲህ አሰበች። ሞኝነት ነው በሉት። ደግሞም ሞት በጨርቅ የሚጠራ ቢሆን ኖሮ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ከሱ ጋር የኖረችው እሷ ቀድማ በሄደች። ጥቅሉን መልሳ ሣጥኑ ውስጥ ከተተችና ለሂንድ ደወለች።

"አቃጠልኩት" አለች።

በሕይወቷ ለልጇ የዋሸችው የመጀመሪያ ውሸት ይህ ነበር። ያን ሌሊት ከሶላት ምንጣፏ ላይ አልተነሳችም። ውሸቷን ይቅር በለኝ አላለችም፤ ልጅቷን ማርልኝ ብቻ ነው ያለችው። በአምስተኛው ቀን ማሂራ ላብ በላብ ሆና ነቃች፣ ውሃ ጠየቀች። ሂንድ በስልክ እያለቀሰች፣ "ስላቃጠልሽው ነው" አለች።

በሚያዝያ፣ ለዒድ፣ ሂንድ ልጇን ይዛ መጣች። ማሂራ ደፉን በአንድ ዝላይ ተሻግራ አያቷ አንገት ላይ ተንጠለጠለች። ረዝማለች፣ ጥርሷ ወልቆ በቅሏል፣ ያ ቀሚስ ጉልበቷ ላይ ቀረ። ዙቤይዳ አጎረሰቻት፤ ማሂራ እንደ ድሮው አፏን ከፈተች። ሂንድ ቀና ብላ አይታ ዓይኗን ሰበረች። ለዙቤይዳ ይኼም ከበቂ በላይ ነበር። የሣጥኑን ቁልፍ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንገቷ ላይ አሰረችው። ሂንድ ሣጥኑ አጠገብ ባለፈች ቁጥር ዙቤይዳ ቁልፉን ትዳስሳለች። ይህ ነገር የተገለጠ ዕለት ልጄንም የልጅ ልጄንም አጣለሁ ትላለች፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና።

ነሐሴ ላይ ዝናቡ አንድ ሳምንት ሙሉ አላባራም። ሂንድና ማሂራ ለክረምቱ ጅማ ናቸው። ሐሙስ ጠዋት ዋቅጋሪ ደወለ፤ ከሰቃ ወዲያ ካለች አንዲት የቡና መንደር፣ ዙቤይዳ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ የሄደችባት። ዋቅጋሪ የመንደሩ ሽማግሌ ነው፣ ድምፁ ተቆራረጠ።

"አዮ፣ ተራራው ወረደብን። አራት ቤት በልቷል። ሦስት ሴቶች አውጥተናል፣ ሌሎችን እየቆፈርን ነው። የምታጥብልን የለችም።"

"መርየማ የት ሄደች?" አለች ዙቤይዳ። የመንደሩን አጣቢ ስም ታውቃለች።

"ከሦስቱ አንዷ እሷ ናት" አለ ዋቅጋሪ። "ሱቁም ተቀብሯል። ጨርቅ የለም።"

ዙቤይዳ ስልኩን ዘጋች። አጣቢዎቹ ራሳቸው ከታች ቢሆኑስ ብላ የጠየቀችው ለቱርክ ነበር። ከዚያ ሣጥኑን ከፈተች። አራት ትልልቆች ቀርተዋል፣ አወጣቻቸው። ትንሿ ከታች ናት። ሴቶች ናቸው ነው ያለኝ፣ ልጅ አላለኝም። ክዳኑን ዘጋች። ከፈተች። እጇ ሄዶ ትንሿን አነሳና ከትልልቆቹ መሐል ሸሸጋት። ምናልባት አትፈለግም። አትፈለግ።

"በዚህ ጉልበትሽ ብቻሽን አትሄጂም" አለች ሂንድ፣ ጫማዋን እያጠለቀች። ማሂራን ጎረቤት አስቀመጡና ጥቅሉን ሂንድ ተሸከመችው። በልጇ ትከሻ ላይ ምን እንዳለ ዙቤይዳ ብቻ ታውቃለች። መኪና እስከሚሄድበት ሄዱ፤ ከዚያ በጭቃ አንድ ሰዓት በእግር። ሂንድ ስትደክም፣ "አምጪ እኔ ልያዘው" ትላታለች እናቷ። "ተይ እማ፣ ቀላል ነው" ትላለች ሂንድ።

መንደሩ ግማሹ የለም። ቡናው ከነሥሩ ወርዶ ቤቱ ላይ ተኝቷል፤ ቀይ አፈር፣ ቆርቆሮ፣ የአልጋ ቋሚ። ወንዶቹ በአካፋና በእጃቸው ይቆፍራሉ። ልክ ቴሌቪዥኑ ላይ እንዳየችው፤ በረዶው ብቻ ነው የጎደለው። ዙቤይዳ በአንድ ቤት ውስጥ መጋረጃ አስጋረደች፣ ውሃ አስሞቀች፣ በክርኗ ለካች። ሂንድ ከመጋረጃው ውጭ ሆና ውሃ ታቀብላለች፤ ወደ ውስጥ አላየችም። መርየማን ስታጥብ ዙቤይዳ እንደ ሥራ ባልደረባ አወራቻት፦ "አንቺ ደህና አድርገሽ ታጥቢ ነበር፣ እኔም እንደሚሆንልኝ አደርጋለሁ።" ሦስቱን ጨርሳ ስትወጣ ወገቧ አልዘረጋ ብሏት ነበር።

ከሰዓት በኋላ አንድ አባት ከቁፋሮው መጣ። ታቅፎ ነው የመጣው። በቡና ጆንያ ጠቅልሏታል። ጆንያው አጥሯታል፤ ሁለት ትንንሽ እግሮች፣ ጭቃ የለበሱ፣ ከጆንያው ወጥተዋል። እናትየው ከኋላው ትመጣለች፣ የራሷን ነጠላ በእጇ ይዛ። ጭቃ በጭቃ የሆነ፣ ጫፉ የተቀደደ ነጠላ። "በዚህ አድርጉልኝ" አለች። "ሌላ የለኝም፣ በዚህ አድርጉልኝ።"

ዙቤይዳ ጥቅሉ ላይ እጇን ጭና ተቀመጠች። አንድ ትልቅ ተርፏል፣ እሱን አጥፎ ማድረግ ይቻላል፤ ይህን አሰበች። ግን ሌላ ሴት እየተቆፈረች ነው፣ እሱ የሷ ነው። ሂንድ አጠገቧ ቆማለች። ትንሿን ብታወጣ ልጇን ልታጣ ነው። ባታወጣ ይህችም በጭቃ ነጠላ ልትሄድ ነው። እግሮቹን እንደገና አየች። እጇን ሰደደችና ትንሿን አወጣች፣ ጥብጣቡን ፈታች፣ ሰሌኑ ላይ ዘረጋችው። የተረከዙ ምልክት ደብዝዟል፤ ግን አለ።

ሂንድ አየችው። ሰው የማይሰማው እስኪመስል ድረስ በዝግታ፣ "አቃጠልኩት ብለሽኝ ነበር" አለች።

"ዋሽቼሻለሁ።"

ዙቤይዳ ቀና ብላ ማየት ፈራች። የመጣው ይምጣ ብላ ጨርቁን ትደለድላለች፣ የተደለደለውን መልሳ ትደለድላለች። ሂንድ ስትንበረከክ የጉልበቷን ድምፅ ሰማች። ሂንድ ምልክቱን በጣቷ ነካችው፣ እንደ ቁስል። ከዚያ ከራስጌ እስከ ግርጌ በዓይኗ ለካችው። በስንዝር ጀመረች፣ አቋረጠች፣ እንደገና ጀመረች።

"አሁን ማሂራን አይበቃትም" አለች።

"አይበቃትም ልጄ።"

"አልፋዋለች።"

"አልፋዋለች።"

ሂንድ ወደ አባትየው ዞረች፤ ሁለት እጆቿን ዘረጋች። ልጅቷን ከነጆንያው ተቀበለችውና መጋረጃውን በትከሻዋ ገፍታ ገባች። የጅማ ልጅ፣ የአጣቢ ልጅ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ፣ የሞተ ሰው ነክታ የማታውቅ። ውሃውን ለእናቷ አቀበለች፤ ከማቀበሏ በፊት በክርኗ ለካችው። የልጅቷ ፀጉር ውስጥ የገባውን ጭቃ ሂንድ ናት ያጠበችው፣ ክር በክር፣ አስተማሪ ተማሪዋን እንደምታበጥር። ሲጨርሱ ልጅቷ ጨርቁ ውስጥ ልክክ አለች። እግሯ አልወጣም።

ቀብሩ ሲያልቅ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ከተረፉት ቤቶች ሴቶች የበቆሎ ቂጣና ጎመን አመጡ። ዙቤይዳ እጇን ታጥባ ቂጣ ቆረሰች፣ በጎመን ጠቀለለች፤ ከዚያ ምን ላድርገው እንደሚል ሰው እጇ አየር ላይ ቀረ። ሂንድ አጠገቧ ተቀምጣለች። እጇን ሁለት ሦስት ጊዜ ታጥባለች፣ አሁንም መዳፏን ታያለች።

"ሸምሰዲንንም ውሃውን አሙቀሽለት ነበር?" አለች።

"እንዴት አላሞቅለትም?"

ሂንድ ወደ እናቷ ዞረችና አፏን ከፈተች። ዙቤይዳ አጎረሰቻት። ሂንድ አላምጣ ሳትጨርስ እንባዋ ወረደ።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል" አለች ዙቤይዳ፣ ሁለተኛውን እየጠቀለለች።